ሮም ለሚሄድ የቦኖሻ ሰው

ቦኖሻ ላይ "ልሄድ ነው" ያለ ሰው "ወዴት?" ተብሎ አይጠየቅም። ደቡብ አፍሪካ ነዋ! ከሻሾጎ ይነሳ ከሌሞ፣ ከዱራሜ ይነሳ ከአንጋጫ፣ የሀዲያና የከምባታ ወጣት መንገድ ወደ ጆሃንስበርግ ያደላል። ታዲያ አንዱ በድንገት "የኔስ ሮም ነው" ያለ እንደሆነ ሻይ ቤቱ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ይስቃል፤ ከዚያ ምክር እንደ ሐምሌ ዝናብ ይወርዳል።

"ቦርሳህን ከፊትህ አንጠልጥል፤ የሮም ኪስ አውላቂ ዲግሪ አለው አሉ!"
"ማኪያቶ ስታዝ ተጠንቀቅ፤ የነሱ በሁለት ፉት ያልቃል።"
"ጫማህን ይዘህ እንዳትሄድ፤ እዚያ አገር የሚያሸንፈው በባዶ እግሩ የሮጠ ነው።"
"ለጳጳሱ ሰላም በልልን፤ ከቦኖሻ ነው በለው፣ ያውቀናል!"

እኛም የዚህ ገጽ ጸሐፊዎች ከምክሩ ወደኋላ አንልም። ጋዜጠኝነት ተምሮ ዝም ማለት የት አለና! ስለ ኮሎሲየምና ስለ ፒዛው ግን ሌላ ሰው ይምከራችሁ፤ እሱን የሚያሳያችሁ አስጎብኚ ከጣቢያ እስከ ጣቢያ ተሰልፎ ይጠብቃችኋል። እኛ የምናወራው እሱ ስለማያሳያችሁ ሮም ነው። ያቺ ሮም የኛ ስም የተጻፈባት፣ የኛ ድንጋይ የቆመባት፣ የኛ ሰው የሞተባት ሮም ናት። ኢትዮጵያዊ ሆኖ እዚያ የሚሄድ ሰው እንደ ጎብኚ ፎቶ ተነስቶ ብቻ ቢመለስ ይቆጨናል። ግድግዳ ላይ ያለውን ስም አንብቦ "ይህን ማን ሰየመው? ለምን?" ብሎ ይጠይቅልን።

(የዘመን አቆጣጠር ነገር እንዳያደናግራችሁ፦ "ዓ.ም." ስንል በኛው ነው፤ የፈረንጁ ሲሆን "እ.ኤ.አ." እንላለን።)

ቋንቋውንማ ታውቁታላችሁ

ጉዞው ቀላል ነው፤ ማለትም ቪዛው ከተገኘ። የሼንገን ቪዛ የሚባለውን አስመትቶ ከቦኖሻ ሆሳዕና፣ ከሆሳዕና በወራቤና በቡታጅራ በኩል አዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ ፊዩሚቺኖ ያወርዳችኋል። ከፊዩሚቺኖ እስከ ትልቁ የባቡር ጣቢያ፣ እስከ ተርሚኒ፣ ፈጣኑ ባቡር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ነው። አንዳንድ ሰው ከሁሉም አየር ላይ ያለው ክፍል ይቀላል ይላል፤ ያው መንገዳችንን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ቋንቋው አያስፈራችሁ። ከሆሳዕና ጋራዦች የአንዱ ረዳት ሮም ውስጥ ጎሚስታ ቤት ቢገባ ቀኑን ሙሉ ሳይቸገር ይውላል። ጎማ፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ካንዴላ፣ ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ፍሪሲዮን... እነዚህ ሁሉ የነሱ ናቸው። መኪናችን ላይ የምንለጥፈው ቦሎ የነሱ ነው። ፎርኖው፣ ሳልሳው፣ ፓስታው፣ ፒያሳው የነሱ ነው። 5 ዓመት የቆየ ወራሪ 80 ዓመት የሚቆይ ቃል ጥሎ ሄደ።

እነሱስ ከኛ ምን ወሰዱ? አንድ ቃል እንንገራችሁ። ጣልያን ቤቱ ሲተራመስ፣ ዕቃው ሲዘበራረቅ፣ ነገሩ መያዣ መጨበጫ ሲያጣ "አምባራዳን" ይላል። እናት ለልጇ "ይህ ምን ዓይነት አምባራዳን ነው? ክፍልህን አስተካክል!" ትለዋለች። ቃሉ የመጣው ከእንደርታው አምባ አራዳም ነው ይባላል። በየካቲት 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ጦር የራስ ሙሉጌታን ሠራዊት የመታው እዚያ ነው፤ መድፍ ነበረ፣ አውሮፕላን ነበረ፣ የሰናፍጭ ጋዝ ነበረ። የኛ ሰው ያለቀበት ተራራ ስም እዚያ ሄዶ የተዝረከረከ ክፍል መጠሪያ ሆነ። ብዙው ጣልያናዊ ይህን ሲል አያውቀውም፤ ስድብ ብሎ አይደለም የሚናገረው። እኛንም የሚከነክነን ይኸው አለማወቁ ነው።

ስለ ቡናው ትንሽ ብለን እንለፍ፦ ቆማችሁ ባንኮኒው ላይ ጠጡ፤ ወንበር ስባችሁ ከተቀመጣችሁ ሂሳቡ ሊጨምር ይችላል። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ ካዘዛችሁ አስተናጋጁ በአይኑ ይታዘባችኋል። ውኃ አትግዙ፤ በየመንገዱ "ናሶኒ" (አፍንጮ እንበላቸው) የሚባሉ ቀንና ሌሊት የሚፈስሱ 2,500 ያህል ቧንቧዎች አሉ፤ ንጹሕ ነው፣ በነጻ ነው፣ ወረፋ የለውም። ጀሪካን ተሸክሞ ያደገ ሰው እነዚህን ሲያይ የሚሰማውን ለመግለጽ ግን የኛ አማርኛ አይበቃም። በሉ ወደ ዋናው ጉዳይ።

ተርሚኒ፦ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ

ከባቡሩ ወርዳችሁ ከጣቢያው ስትወጡ የምትቆሙበት ሰፊ አደባባይ "ፒያሳ ዴይ ቺንኬቼንቶ" ይባላል፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ማለት ነው። አብዛኛው መንገደኛ አውቶብስ ፍለጋ ሲሯሯጥ አምስት መቶዎቹ እነማን እንደሆኑ አይጠይቅም። እናንተ ግን መልሱን ይዛችሁ ነው የምትወርዱት፦ በጥር 1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ተከበው ያለቁት የኮሎኔል ዴ ክሪስቶፎሪስ ወታደሮች ናቸው። ወደ 500 የሚጠጋው ያ ጦር ሰሃጢ ላይ ለተከበቡት ወገኖቹ ሊደርስ ሲሄድ ነበር አሉላ የደረሰበት።

ሮም ደነገጠች፤ ለሞቱትም በዚያው ዓመት ሐውልት አቆመች። ሐውልቱን ግን አዲስ አልቀረጸችም። ከጥቂት ዓመት በፊት ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የግብጽ ሐውልት፣ የዳግማዊ ራምሴስ፣ ነበራትና እሱን የሟቾቹ መታሰቢያ አደረገችው። ነገሩን አስቡት፦ አፍሪካ ውስጥ ለሞተ ወራሪ ከአፍሪካ በመጣ ድንጋይ ተለቀሰለት። ሐውልቱ መጀመሪያ ጣቢያው ፊት ለፊት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ከዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍራሽ አጠገብ ተተከለ። ዛሬም እዚያው ነው፤ ከተርሚኒ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የሟቾቹ ስም ዝርዝር አለበት። በዚያው ቀን ስለሞቱት የአሉላ ሰዎች ግን አንዲት መስመር የለችበትም።

የታሪኩ ሌላ ክፍልም እዚያው ነው። አዲስ አበባ ለገሃር ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ታውቁታላችሁ። በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጋር የቆመው ያ አንበሳ ከወረራው በኋላ ተነቅሎ ሮም ተወሰደና በዚሁ በዶጋሊ ሐውልት ሥር ተቀመጠ፤ "አምስት መቶዎቹ ተበቀሉ" ለማለት። በሰኔ 1929 ዓ.ም. ዘርዓይ ደረስ የሚባል ኤርትራዊ አስተርጓሚ ወጣት እዚህ ቦታ ላይ ደረሰ። አንበሳውን ሲያይ ተንበረከከ። ሊያስነሱት ሲሉ ጎራዴውን መዝዞ በጣልያን ቅኝ ግዛት ላይ ጮኸ፤ ያዙት። እኛ ልጆች ሆነን የሰማነው ታሪክ ብዙ ፋሺስት እንደ ገደለ የሚተርክ ነው። ሰነዱ የሚነግረን ከዚያ የባሰ ያሳዝናል፦ እብድ ነው ተብሎ ሲሲሊ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ገባ፤ እዚያው እንደ ተዘጋበት እ.ኤ.አ. በ1945 ሞተ። ጦርነቱ አልቆ፣ ሙሶሊኒ ተሰቅሎ፣ ፋሺዝም ተንኮታኩቶ፣ እሱ ግን አልተፈታም። አንበሳው እንኳ ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል።

አንድ ነገር ጨምረን ከተርሚኒ እንነሳ። ከዚያው ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ የነጻነት አደባባይ የሚባል አለ። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ፖሊስ አጠገቡ ካለ ሕንፃ ለዓመታት ይኖሩ የነበሩ፣ አብዛኞቹ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞችን አስወጣ፤ አደባባዩ ላይ ያደሩትን ደግሞ በውኃ መድፍ በተናቸው። የውኃ መድፉ የወረደበት ቦታ ከዶጋሊ ሐውልት የአፍታ መንገድ ነው። ሮም ይህን ያህል ጠባብ ከተማ ናት።

ሐውልቱ የነበረበት ባዶ ቦታ

በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ውረዱ። ፊት ለፊታችሁ ነጭ ግዙፍ ሕንፃ አለ፤ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ነው። ስሙን በየወረዳው የእርሻ ቢሮ የሰማችሁት ያው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1951 ከመግባቱ በፊት ሕንፃው የተጀመረው ለሌላ ባለቤት ነበር፦ ለኢጣልያ የአፍሪካ ሚኒስቴር፤ ቅኝ ግዛቶቹ ለሚተዳደሩበት ቢሮ።

የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ በር ላይ ነበር። 24 ሜትር ያህል ቁመት፣ 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው ድንጋይ አክሱም ላይ ተሰባብሮ ከወደቀበት ተነስቶ በምጽዋ በኩል በመርከብ ተጫነ፤ በጥቅምት 1930 ዓ.ም. ተገጣጥሞ ቆመ። ቀኑ በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ ፋሺስቶች ሮም የገቡበት 15ኛ ዓመት ነበር። በየካቲት 1939 ዓ.ም. የተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያስገድዳል። 18 ወሩ 58 ዓመት ፈጀ! በግንቦት 1994 ዓ.ም. መብረቅ መታው፤ (ሽማግሌዎቻችን መብረቅ ያለ ምክንያት አይወርድም ይላሉ፤ እኛ ዝም ብለናል)። በ1996 ዓ.ም. ተፈታ፤ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ገባ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. በቦታው ቆሞ ተመረቀ።

አሁን እዚያ ስትደርሱ ሐውልቱን አታገኙትም፤ ደስ ይበላችሁ። ባዶ ቦታ ለማየት ትኬት ቆርጦ የሚሄድ ሰው ቢኖር የኛ ሰው ነው። አደባባዩ ላይ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ታያላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ለኒው ዮርኩ የመስከረም 11 ጥቃት ሰለባዎች መታሰቢያ የተደረጉ ናቸው። ሐውልታችን 66 ዓመት እዚህ እንደ ነበረ የሚያውቅ ሰው ዓምዶቹን ሲያይ ሁለት ነገር አብሮ ያያል፤ የማያውቅ አንድ ያያል።

ከዚህ ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት የሚወስደውን መንገድ ደግሞ በእግር ሂዱት። አጭር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ የሮጠው እዚህ ላይ ነው። መሽቶ ነበር፤ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ያበሩ ነበር። ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ጎን ለጎን ሲሮጥ ቆይቶ ሐውልታችን አካባቢ ሲደርስ ጥሎት ወጣ። ቅስቱ ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2፡15፡16 ይላል፤ የዓለም ክብረ ወሰን። የሙሶሊኒ ጦር አዲስ አበባ ከገባ ገና 24 ዓመቱ ነበር። በዚያ ምሽት ሐውልቱ የተዘረፈ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ለአንድ ሰው የመንገድ ምልክት ሆነለት። ሻይ ቤት ውስጥ "በባዶ እግርህ ሩጥ" ብላችሁ የምትቀልዱት ቀልድ ሥሩ ይኸው ነው።

ከጳጳሱ ጓሮ ያለችው ቤታችን

"ለጳጳሱ ሰላም በልልን" ላላችሁት ደግሞ መልስ አለን። ከቅዱስ ጴጥሮስ ታላቁ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ቫቲካን ግንብ ውስጥ፣ ቅዱስ እስጢፋኖስ ዘሐበሻ የሚሏት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች። ጳጳስ ሲክስቶስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1479 ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጧት። ታላቁ ቤተ ክርስቲያን እንደ አዲስ ሲሠራ አካባቢው ሲፈርስ እሷ ቀረች። ዝም ብሎ አይገባም፤ ቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ወይም የቫቲካንን የአትክልት ቦታ ከሚያስጎበኙት ጋር ተቀላቀሉና በውጪ እዩአት።

ለምን እንደምንልካችሁ ልንገራችሁ። ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ፊደል ለመጀመሪያ ጊዜ በማተሚያ ቤት የታተመው አዲስ አበባ አይደለም፤ ምጽዋም አይደለም፤ ሮም ነው። እ.ኤ.አ. በ1513 ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው በቅዱስ እስጢፋኖስ ካሉት መነኮሳት ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። ቋንቋውን "ከለዳዊ" እያለ ይጠራው ነበር፤ ስሙን ተሳስቶ ፊደሉን ግን አሳምሮ ሠራው። ቀጥሎ ተስፋ ጽዮን የሚባል የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ፣ ከጓደኞቹ ጋር ደክሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። መቃብሩም እዚያችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው።

ከመቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1649፣ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ሐበሾችን ፍለጋ ሮም መጣና አባ ጎርጎርዮስን አገኘ፤ የአማራው የመካነ ሥላሴ ሰው ናቸው። ሁለቱ መጀመሪያ የሚግባቡበት ቋንቋ እንኳ ተቸግረው ነበር። ሉዶልፍ ከሳቸው የተማረውን እያጠራቀመ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። አባ ጎርጎርዮስ አላዩትም፤ እ.ኤ.አ. በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብራ ሰጥመዋል።

ስለዚህ ሮምን በወራሪነቷ ብቻ አትዩዋት። መነኮሳቱ ዘምቶባቸው የመጣ አልነበረም፤ በእግራቸው፣ በኢየሩሳሌም በኩል፣ ቅዱሳን ቦታ ሊሳለሙ መጡ፤ መጽሐፍ አሳትመው ቋንቋ አስተምረው አለፉ። ተርሚኒ ላይ ስማችን በጠላትነት ነው፤ እዚህ ግን በመምህርነት ነው።

ስም የተቀባበት ሰፈር

በሜትሮ ቢ1 "ሊቢያ" የምትባል ጣቢያ ውረዱ። የገባችሁበት ሰፈር ስሙ ራሱ "የአፍሪካ ሰፈር" ነው። ጎዳናዎቹን አንብቡ፦ ሊቢያ፣ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ኢትዮጵያ፣ አስመራ... ሰው ውሻውን እያንሸራሸረ ነው፣ አሮጊቶች ከገበያ እየተመለሱ ነው። አንድ መንገድ ግን ፈልጉልን፤ ለኦሮሞ ሕዝብ የስድብ መጠሪያ የነበረውን፣ እኛ እዚህ የማንጽፈውን ቃል ከ"ሲዳማ" ጋር አያይዞ የሚጠራ መንገድ አለ። ያ ስም ጣልያን ግዛቱን ሲሸነሽን ለደቡብ ምዕራቡ የሰጠው የአስተዳደር ስም ነው፤ ዋና ከተማው ጅማ ነበር። ሀዲያና ከምባታ እዚያ ውስጥ ነበርን። ያ አስተዳደር በ1933 ዓ.ም. ጠፋ። መንገዱ ግን ስሙን ይዞ ቀረ።

ስም አይለወጥም ማለት አይደለም። በቅዱስ ዮሐንስ ላተራን በኩል "የአምባ አራዳም መንገድ" አለ፤ አጠገቡ ሲሠራ የነበረ የሜትሮ ጣቢያም በዚያው ስም ሊጠራ ታስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ብዙ ሰው ተቃወመና የከተማው ምክር ቤት ጣቢያው በጆርጆ ማሪንኮላ ስም እንዲሰየም ድምፅ ሰጠ። ማሪንኮላ እናቱ ሶማሊያዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ፣ ራሱ ፋሺስቶችን የተዋጋ አርበኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1945 ጀርመኖች ሲገድሉት ገና 21 ዓመቱ ነበር። ጣልያኖቹ ራሳቸው፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ "ይህ ስም ምንድነው?" ማለት ጀምረዋል ማለት ነው።

ተቃራኒውም አለ። ከሮም ወጣ ብላ አፊሌ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ያስፈጀው ግራዚያኒ የተቀበረው እዚያ ነው። በአገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ተፈርዶበት ነበር፤ የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ ስለ ኢትዮጵያ አንድም ቀን አልተጠየቀም፤ ጥቂት ወር ታስሮ ወጣ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ከተማዋ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሠራችለት። ይህን ሊቃወሙ በመጋቢት 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡ ሰዎችን ደግሞ የራሳችን ፖሊስ አሰራቸው። እንግዲህ ማስታወስ ለማን እንደሚፈቀድ የሚወስነው ሮም ብቻ አይደለችም።

እነሱ የጻፉት የኛ መንገድ መሪ

በዚህ ጽሑፍ ሁሉ የጉዞ ምክር እየሰጠን ነው አይደል? ጣልያኖች ቀድመውናል። እ.ኤ.አ. በ1938 የኢጣልያ የቱሪስት ማኅበር "የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ መምሪያ" የሚል፣ ከ600 ገጽ በላይ የሆነ መጽሐፍ አወጣ። ካርታ አለው፣ የመንገድ ርቀት አለው፣ የማደሪያ ቦታ አለው። አርበኛው ጫካ እያለ፣ የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ ለጎብኚ የሚሆን መጽሐፍ! አገሩን የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ካርታ ስሎ ስም መጻፍ ነው።

እኛስ? የኛ አካባቢ የነዚያን 5 ዓመታት ታሪክ ማን ጻፈው? በትምህርት ቤት የተማርነው ዓድዋን፣ ማይጨውን፣ የካቲት 12ን ነው፤ ተገቢ ነው። ሀዲያና ከምባታ ላይ ግን ነገሩ የራሱ መልክ አለው። ጣልያን ሲገባ ሽማግሌዎቹ የምኒልክን ዘመቻና የገባርን ሥርዓት ገና አልረሱም ነበር፤ ጣልያን ደግሞ ይህን አውቆ "ገባርን ሽሬያለሁ፣ ነጻ አውጥቻችኋለሁ" እያለ ሰበከ። በዚያው አፉ ነጭና ጥቁር አብረው እንዳይኖሩ ሕግ አወጣ። ከ1920 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የነበሩትን የሱዳን ኢንተሪየር ሚሲዮን ሰዎች በ1929 ዓ.ም. አስወጣ፤ ሃይማኖቱ ይከስማል ሲባል ምእመናኑ በራሳቸው ሰባኪነት ወንጌሉን አስፋፍተውት ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ በብዙ እጥፍ በዝተው ጠበቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1940 ደግሞ ቫቲካን ሆሳዕናን የራሷ የካቶሊክ አስተዳደር ክልል መቀመጫ አደረገቻት። እናም "ጳጳሱ ያውቀናል" የምትሉት ቀልድ ሳታስቡት እውነት ነው፤ ስማችን በሮም መዝገብ ላይ ሰፍሯል። በኛ መዝገብ ላይ ግን የለም።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር፣ ሆሳዕና ራሷ ቀድሞ ዋቸሞ ነበረች። አሁን የምትጠራበትን ስም ያወጡላት በሆሳዕና በዓል የደረሱት ራስ አባተ ናቸው ይባላል። ዛሬ ከተማዋ በአዲሱ ስም፣ ዩኒቨርሲቲዋ በድሮው ስም ይጠራሉ፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። ሁለቱም ስም የኛ ሆኗል፤ የትኛውም ይቀየር እያልን አይደለም። ነገር ግን ሮም ላይ ቆመን "ይህን ስም ማን ሰጠው?" ብለን የምንጠይቅ ከሆነ ዋቸሞ ላይም ቆመን መጠየቅ አለብን። ጥያቄው አንድ ነው፤ የሚያምርብን ሌላ አገር ሲሆን ብቻ መሆን የለበትም።

ጊዜው እያለፈ ነው። ጣልያን ሲወጣ 10 ዓመቱ የነበረ ልጅ ዛሬ በሕይወት ካለ 90ውን አልፎታል። ከአፉ የሰሙት ልጆቹ ግን አሉ፤ ቦኖሻም አሉ፣ ዱራሜም አሉ፣ ሾኔም አሉ። የትኛው መንገድ በማን ጉልበት እንደ ተቆፈረ፣ የትኛው ሰባኪ የት እንደ ታሰረ፣ የትኛው ቤት ለባንዳ፣ የትኛው ለአርበኛ እንዳበላ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ስልክ መቅረጫ እንዳለው ለማናችሁም አንነግርም፤ ሙዚቃ ስትቀዱበት አይተናል።

የመጨረሻ ምክራችን

ወደ ሮም የምትሄዱ ሰዎች፣ ዝርዝራችን አጭር ነው።

ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ያሉትን ትልቅ ሰው "ጣልያን ጊዜ እዚህ ምን ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ጻፉት። አተካና በልታችሁ ሂዱ፤ እዚያ የትም አታገኙትም። እንጀራ የናፈቃችሁ እንደሆነ ተርሚኒ ዙሪያ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ኮሎሲየምን እዩ፤ አትከልከሉ፣ ያምራል! ግን አንድ ቀን ለኛ መድቡልን፦ ጠዋት ዶጋሊ ሐውልት፣ ቀትር ላይ ቺርኮ ማሲሞ ባዶው ቦታ፣ ከሰዓት በኋላ ኢትዮጵያ ጎዳና።

ዶጋሊ ሐውልት ሥር ስትደርሱ የተጻፉትን ስሞች አንብቡ። እነሱም የሰው ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎቹ የት እንደሚላኩ እንኳ ያልተጠየቁ የድሃ ገበሬ ልጆች ናቸው። ከዚያ የዘርዓይ ደረስን ስም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጥሩ። ሰው ዞር ብሎ ያያችኋል፤ ይይ። "ማነው እሱ?" ብሎ የጠየቃችሁ ጣልያናዊ ካለ ቡና ጋብዙትና ንገሩት። ባንኮኒው ላይ ቆማችሁ ይሁን፤ ይረክሳል።